አደብ ወይስ ዝምታ? የሕክምና ተማሪዎቻችንና የነፍስ አማና

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ አንባብያን! ልጁ ሐኪም ሆኖ ለማየት የማይመኝ ወላጅ ጥቂት ነው። ልጅ ፈተናውን አልፎ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲገባ ቤቱ በደስታ ይሞላል፤ ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፤ ዱዓ ይደረጋል። ገና ደብተሩን ሳይገልጥ የሰፈሩ ሰው «ዶክተር» እያለ ይጠራው ጀመር ማለት ነው። ደስታው ተገቢ ነው፤ አላህ ይባርከው። ነገር ግን በዚያ የደስታ ቀን ከመካከላችን አንድ ሰው ይህን ጥያቄ ቢያነሳ መልካም ነበር፦ ይህ ልጅ ነገ ከታላቅ ሐኪም ኋላ ሲቆም፣ ታላቁ ሐኪም ሲሳሳት በዓይኑ ቢያይ ምን ያደርጋል?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። እኛ ልጆቻችንን ያሳደግነው ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል ብለን ነው። በመድረሳም ሆነ በየሸኹ ቤት ኪታብ የቀራን ሁሉ በሸኹ ፊት አንገታችንን ደፍተን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የቀራነው። ይህ አደብ ትልቅ ሀብት ነው፤ ማንም እንዲነጥቀን አንፈልግም። ታዲያ የታላቁ ስሕተት የሌላ ሰው ነፍስ የሚያጠፋ ሲሆን የታናሹ ዝምታ አደብ ነው ወይስ አማናን መብላት? የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ይመለከታል።

ዕውቀት በሞላበት ክፍል የደረሰ ሞት

እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2005 በእንግሊዝ አገር አንዲት የ2 ልጆች እናት ቀላል ለሚባል የአፍንጫ ሳይነስ ኦፕራሲዮን ሆስፒታል ገባች። የማደንዘዣ መድኃኒት ከተሰጣት በኋላ ትንፋሿ አስቸገረ፤ አየር ወደ ሳንባዋ አልደርስ አለ። በክፍሉ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠሩ ከፍተኛ ሐኪሞች ነበሩ። ሐኪሞቹ በአፏ በኩል ቱቦ ለማስገባት ደጋግመው ሞከሩ፤ አልሆነም። ደግመው ሞከሩ፤ ከ20 ደቂቃ በላይ አለፈ። እንዲህ ያለ ችግር ሲገጥም አንገትን ከፊት በኩል ቀዶ የአየር መንገድ መክፈት እንደሚያስፈልግ የሙያው ደንብ ያዛል።

ከነርሶቹ አንዷ ይህን ታውቅ ነበር። የመቅደጃውን ዕቃ አምጥታ መዘጋጀቱን ተናገረች፤ ሰሚ ግን አላገኘችም። ሌላዋ ነርስ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ደውላ አልጋ አስይዛ ነበር፤ ሐኪሞቹ ነገሩን እንዳጋነነች አድርገው ስላዩዋት አልጋውን መልሳ አሰረዘችው። ሴትዮዋ ከ13 ቀን በኋላ ሞተች። በኋላ በምርመራው ወቅት ነርሶቹ ምን መደረግ እንዳለበት ማወቃቸውን፣ ለሐኪሞቹ እንዴት አድርገው እንደሚናገሩት ግን እንደቸገራቸው ገለጹ።

አንባቢ ሆይ! እስቲ ልብ በል። በዚያ ክፍል ውስጥ የጎደለው ምንድን ነው? መሣሪያ አልጎደለም፤ ቀርቦ ነበር። ዕውቀት አልጎደለም፤ ነበር። የጎደለው ከሚያውቀው ሰው ወደሚወስነው ሰው የሚያሻግር ድልድይ ነው።

የሟቿ ባል ማርቲን ብሮሚሊ የአውሮፕላን አብራሪ ነበር። ማንም እንዲቀጣለት አልጠየቀም፤ ሌሎች እንዲማሩበት ግን ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ነገር የሚማከሩበት ማኅበር አቋቋመ። አብራሪ እንደመሆኑ የእርሱ ሙያ ይህን ትምህርት በደም ዋጋ የተማረ መሆኑን ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1977 በቴነሪፍ ደሴት አየር ማረፊያ 2 ትልልቅ አውሮፕላኖች መሬት ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። ለመነሳት የተንደረደረው የኬ.ኤል.ኤም. አውሮፕላን ካፒቴን በድርጅቱ ውስጥ እጅግ የተከበረ፣ ሌሎችን አብራሪዎች የሚያሠለጥን ሰው ነበር። ከኋላው የተቀመጠው መሐንዲስ ሌላው አውሮፕላን ከመንገዱ መልቀቁን ተጠራጥሮ ጠየቀ። ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ለቋል ብሎ መለሰለት፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት አብራሪዎች አውሮፕላን መንዳት ብቻ ሳይሆን ታናሹ እንዴት እንደሚናገር፣ ታላቁ እንዴት እንደሚሰማ ይማሩ ጀመር።

ሕክምናው ወደዚህ ትምህርት የመጣው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የወጣ ታዋቂ ጥናት በአገሪቱ ሆስፒታሎች ውስጥ በሕክምና ስሕተት ምክንያት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰዎች እንደሚሞቱ ገመተ። ዓለም ደነገጠ። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕክምና ትምህርት ቤቶች የበሽተኞች ደኅንነት ማስተማሪያ መመሪያ አወጣ፤ በ2011 ደግሞ ነርሶችን፣ አዋላጆችን፣ ፋርማሲስቶችንና ሌሎችንም እንዲያጠቃልል አሰፋው። በውስጡ ካሉት ርእሶች መካከል በቡድን መሥራት፣ ከስሕተት መማር፣ የመድኃኒት አሰጣጥ ጥንቃቄ፣ ከበሽተኛውና ከአስታማሚው ጋር መመካከር ይገኙበታል።

ስለ ዙል-የደይን

ይህ ሁሉ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ ነገር ነውን? አይደለም። ቡኻሪና ሌሎችም የዘገቡትን የዙል-የደይንን ታሪክ እናስታውስ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) አንድ ቀን ባለ 4 ረከዓውን ሶላት 2 ረከዓ አሰግደው አሰላመቱ። ከዚያም ተነስተው በመስጊዱ ውስጥ ወዳለ እንጨት ተደገፉ። በሰጋጆቹ መካከል አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) ነበሩ፤ ከነቢዩ ግርማ የተነሳ መናገር ከበዳቸው። ከሰዎቹ መካከል ግን እጆቹ ረዘም በማለታቸው ዙል-የደይን የሚባል አንድ ሰው ነበር። እርሱም ተነስቶ ረስተው ይሆን ወይስ ሶላቱ አጥሮ ይሆን ሲል ጠየቃቸው። እርሳቸውም አለመርሳታቸውን፣ ሶላቱም አለማጠሩን ነገሩት። ቀጥለው ግን ወደ ሕዝቡ ዞረው ነገሩ ዙል-የደይን እንዳለው መሆኑን ጠየቁ። አዎን ሲሏቸው ተመልሰው የቀረውን አሰገዱ፤ የመርሳትንም ሱጁድ አደረጉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ሂክማ ብዙ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መርሳት ለኡመቱ ሕግ እንዲደነገግበት በአላህ ፈቃድ የሆነ ነው። ከመናገር የተቆጠቡት ከሶሐቦች ሁሉ የሚልቁት ሁለቱ ናቸው፤ ስለዚህ በታላቅ ፊት መናገር የሚከብደው ደካማ ወይም ፈሪ ሰው ብቻ ነው ልንል አንችልም። ዙል-የደይን ደግሞ በፍርድ አልጀመረም፤ በጥያቄ ጀመረ። ሁለት ምክንያት አቅርቦ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ከሁሉ በላይ ግን የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሁኔታ ተመልከት፤ ጠያቂውን አልገሠጹም፣ አላሳፈሩም፤ ሌሎችን ጠይቀው አረጋገጡ፤ ሲረጋገጥም ወዲያው አስተካከሉ። የፍጡራን ሁሉ በላጭ ይህን ካደረጉ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው «እኔን ማን ይጠይቀኛል?» የሚልበት ምን መብት አለው?

ከኢማሙ ኋላ ያለ ሰው

«ተማሪው ሁሉ ተነስቶ አለቃውን ካረመ ሥርዓት የት ይቀራል? በኦፕራሲዮን መካከል ክርክር ሊደረግ ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ትክክል ነው። መልሱንም በየቀኑ 5 ጊዜ በምንቆምበት ሰፍ ውስጥ እናገኘዋለን።

ኢማም ሲሳሳት ከኋላ ያለው ሰው «ሱብሐነላህ» ይላል፤ ሴት ከሆነች በእጇ ታጨበጭባለች። በተራዊሕ ሶላት ኢማሙ አንቀጽ ቢዘለል ከኋላው የቆመ ሐፊዝ ያስታውሰዋል፤ አንዳንዴ ያ ሐፊዝ ገና ጢም ያላበቀለ የ12 ዓመት ልጅ ይሆናል። ማንም «ምን ዓይነት ባለጌ ነው» አይለውም። ኢማሙም ከቦታው አይወርድም፤ ልጁም ከሰፉ አይወጣም። እርማቱ አጭር ነው፤ ግልጽ ነው፤ የታወቀ ቃል አለው፤ ስለ ኢማሙ ማንነት ሳይሆን ስለ ሶላቱ ነው። እንግዲህ ሸሪዓ በአንድ በኩል ኢማምን ተከተሉ ብሎ፣ በሌላ በኩል የእርማትን በር ከፍቶ ሁለቱን አንድ ላይ አስኪዷቸዋል። ሥርዓት የሚፈርሰው በእርማት ሳይሆን እርማቱ መልክ ባጣ ጊዜ ነው።

የሕክምና ተማሪም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። በማስተማሪያ ሆስፒታል ጠዋት ራውንድ ሲደረግ ስፔሻሊስቱ ከፊት፣ ሬዚደንቱ ቀጥሎ፣ ኢንተርኑ ከኋላ፣ ተማሪው ከሁሉም ኋላ ይቆማል። ሌሊቱን ከበሽተኛው አጠገብ ያደረው ግን ብዙ ጊዜ ያ ከኋላ የቆመው ነው። ማን እንዳለቀሰ፣ ማን ሽንት እንዳጣ፣ የትኛው መድኃኒት እንዳልተሰጠ የሚያውቀው እርሱ ነው። ስለዚህ የእርሱም «ሱብሐነላህ» የታወቀ ቃል ሊኖረው ይገባል።

በብዙ አገር ይህ ዛሬ በደረጃ ይሰጣል። መጀመሪያ ይጠይቃል፦ «ዶክተር፣ ይህች በሽተኛ ፔኒሲሊን አይስማማትም ተብሎ ካርዷ ላይ ተጽፏል፤ አይተውታል?» ካልተሰማ ስጋቱን በግልጽ ይናገራል፦ «ዶክተር፣ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ካርዷን አብረን እንድናየው እፈልጋለሁ፤ ለነፍሷ እሰጋለሁ።» አሁንም ካልተሰማ ሥራው እንዲቆም ይጠይቃል፤ ወይም ከበላይ ያለውን ሌላ ሐኪም ይጠራል። በዚህ ውስጥ ስድብ የለም፤ ድፍረትም የለም። ቃሉን አስቀድሞ ያልተለማመደ ሰው ግን በጭንቅ ሰዓት አያገኘውም። ስለዚህ ተማሪዎች በሰው አምሳል በተሠራ መለማመጃ ላይ፣ ታላቅ ሐኪም ሆን ብሎ የተሳሳተ ትእዛዝ እየሰጣቸው ይለማመዱታል። አንድ ሰው የመድኃኒት መጠን ሲያዝ ሌላው ቃሉን ደግሞ መናገርን፣ ተረኛ ሲለወጥ የበሽተኛውን ሁኔታ በቅደም ተከተል ማስረከብንም እንዲሁ ይማሩታል።

የመሪው ሸክም ይበልጣል

ይሁን እንጂ ሸክሙን ሁሉ በተማሪው ትከሻ ላይ መጣል ግፍ ነው። የተማሪው ማርክ በዚያው በታላቁ ሐኪም እጅ ነው። አንድ ቀን ጠይቆ በሰው ፊት የተዋረደ ተማሪ ሁለተኛ አይጠይቅም፤ አብረውት የነበሩትም አይጠይቁም። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ግን ዝም ይነቅዛል።

እያንዳንዳችን እረኞች እንደሆንን፣ ስለ መንጋችንም እንደምንጠየቅ መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ለዚህም የዑመር ኢብን አል-ኸጧብ (ረ.ዐ) ሥራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከሚባል ቦታ ሲደርሱ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱ ተነገራቸው። መሪ ስለሆኑ ብቻ ብቻቸውን አልወሰኑም። ሙሃጅሮችን ጠርተው አማከሩ፤ ተለያዩ። አንሷሮችን አማከሩ፤ እነርሱም ተለያዩ። የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ በአንድ ቃል እንመለስ አሉ፤ ዑመርም መመለስን ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ውሳኔውን በግልጽ ተቃወሙ፤ ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ብለው ጠየቁ። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሄዱ በምሳሌ አስረድተው መለሱላቸው እንጂ አፋቸውን አልዘጉም። በመጨረሻ ለጉዳይ ርቀው የነበሩት ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው ስለ ወረርሽኝ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ሐዲስ ተናገሩ፤ ውሳኔውም ትክክል ሆኖ ተገኘ። ዕውቀቱ ቀድሞ በስብሰባው ባልነበረ ሰው ዘንድ ነበር። መሪ ማለት ሁሉን የሚያውቅ ሳይሆን ዕውቀት ካለበት ሁሉ ወደ እርሱ እንድትደርስ በሩን የሚከፍት ነው።

ይህን በር በሥራ የሚከፍት ቀላል ዘዴም ተገኝቷል። የዓለም የጤና ድርጅት 19 ነጥቦች ያሉት አንድ የማመሳከሪያ ወረቀት ለኦፕራሲዮን ክፍሎች አዘጋጀ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን ይናገራሉ፤ የበሽተኛው ማንነት፣ የሚቀደደው ቦታ፣ የማይስማማው መድኃኒት ጮክ ተብሎ ይመሳከራል። ወረቀቱ በ8 ከተሞች ተሞከረ፤ ከእነርሱም መካከል የዮርዳኖሷ አማን፣ የታንዛኒያዋ ኢፋካራ፣ ኒው ዴልሂና ለንደን ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ውጤት መሠረት ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሞቱት ከ1000 ሰዎች 15 የነበሩት ወደ 8 ወረዱ። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ተደረገ እንጂ። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው አባባላችን እዚህ ላይ ቃል በቃል እውነት ሆነ።

ስሕተት ሲደርስ

ምንም ያህል ቢጠነቀቅ የሰው ልጅ ይሳሳታል። በዚህ ጊዜ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል፤ መናገር ወይስ መደበቅ? ኢስላም በዚህ ላይ የሚያስተምረን ጥልቅ ነገር አለ። ሳያስብ የተሳሳተ ሰው ወንጀለኛ አይደለም፤ አላህ ይቅር ባይ ነው። ነገር ግን በስሕተት ነፍስ ያጠፋ ሰው ከፋራና ለሟች ቤተሰብ የደም ካሳ እንዳለበት ቁርአን ደንግጓል። ማለትም የወንጀሉ ሸክም ቢነሳም የተጎዳው ሰው ሐቅ አይነሳም። ሐቁን ለመመለስ ደግሞ የሆነውን ነገር መናገር ግድ ነው። ስለዚህ የተሳሳተን ሁሉ እንደ ነፍሰ ገዳይ የሚያይ ሆስፒታል ሰዉን መደበቅ ያስተምረዋል፤ ስሕተቱን በዝምታ የሚያልፍ ሆስፒታልም የሰውን ሐቅ ይበላል። ተማሪዎቻችን በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ሊማሩ ይገባል።

በቪየና ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1847 የሆነው ይህን ያሳያል። በዚያ 2 የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ በአንዱ አዋላጆች፣ በሌላው የሕክምና ተማሪዎችና ሐኪሞች ያገለግሉ ነበር። በተማሪዎቹ ክፍል የሚሞቱት እናቶች እጅግ ይበዙ ነበር። ኢግናዝ ዜመልቫይስ የተባለ ሐኪም ምክንያቱን ደረሰበት፤ ተማሪዎቹና ሐኪሞቹ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው በዚያው እጃቸው እናቶችን ያዋልዱ ነበር። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ በሚያዝያ ወር ከ100 እናቶች 18 ያህሉ ይሞቱ የነበሩት በሰኔ ወደ 2 ገደማ ወረዱ። እርሱ በገዛ እጁ ስላለቁት እናቶች አምኖ ተጸጸተ። ብዙዎቹ የዘመኑ ታላላቅ ሐኪሞች ግን እጃችን ሞት አመጣ ብሎ መቀበል ለክብራቸው ከበዳቸው። እናቶችም ለዓመታት መሞታቸውን ቀጠሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የተባለው ለበሽተኛው ብቻ አይደለም፤ ለሐኪሙም ነው።

ያለማወቅን መደበቅም ከዚሁ ይመደባል። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት በአንድ ጉዞ ላይ ራሱን በድንጋይ የቆሰለ ሰው ገላ መታጠብ ግዴታ ሆነበት። ተየሙም ይበቃኝ እንደሆን ጓደኞቹን ጠየቀ፤ እነርሱም ሳያውቁ አይበቃህም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ ሰዎቹን አጥብቀው ወቀሱ፤ የአለማወቅ መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑንም ተናገሩ። «አላውቅም፤ ጠይቄ ልመለስ» ማለት የሚያፍር ተማሪ ነገ አደገኛ ሐኪም ይሆናል።

የቤተሰብ ድርሻ

ወላጆች ሆይ! ይህ የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን አትበሉ። ልጁ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት 18 ዓመት በእናንተ ቤት ኖሯል። አባት የሶላት ሰዓት ተሳስቶ ልጁ ቢያስታውሰው፣ እናት የመድኃኒት ቁጥር ተሳስታ ልጇ ብትነግራት ምን ይሆናል? «አንተ ነህ የምታስተምረኝ?» የሚል ቃል የሰማ ልጅ ትምህርቱን ይዞ ነው የሚያድገው። «ባረከላሁ ፊክ፣ ደግ አስታወስከኝ» የተባለም እንዲሁ። የሚያርምበትን መልክ፣ ማለትም ዝቅ ያለ ድምፅን፣ በጥያቄ መጀመርን፣ የሰውን ክብር መጠበቅን አስተምሩት፤ ማረሙን ግን አትከልክሉት። ተሳስቶ መጥቶ የነገራችሁንም ልጅ ስለ ጥፋቱ ብትመክሩት፣ ስለ እውነተኛነቱ ደግሞ አመስግኑት።

ለበሽተኛ አስታማሚ ሆናችሁ ስትሄዱም አንደበት ይኑራችሁ። የማይስማማውን መድኃኒት ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ መርፌ ሲመጣ ለምን እንደሆነና ለየትኛው በሽተኛ እንደሆነ በትሕትና ጠይቁ። ጥያቄያችሁን በፈገግታ የተቀበለውን ወጣት ሐኪም ደግሞ መርቁት፤ ሲጠየቅ የማይቆጣ ሐኪም ማግኘት ኒዕማ ነውና።

እንግዲህ ወደ ተነሳንበት ጥያቄ መልስ ስንሰጥ አደብና ዝምታ አንድ አይደሉም። አደብ መናገሪያውን መልክ ይሰጣል እንጂ አፍን አይሸብብም። በአልጋው ላይ ራሱን ስቶ የተኛው በሽተኛ ለራሱ መናገር አይችልም። ከኋላ የቆመው ተማሪ ሲናገር የሚናገረው ስለዚያ ሰው ነው፤ ዝም ሲልም የሚተወው ያንን ሰው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ለሕሙማኖቻችን ሺፋን፣ ለሐኪሞቻችን ትሕትናን፣ ለተማሪ ልጆቻችንም ከዕውቀት ጋር የሐቅን አንደበት ይስጣቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።